ግራጫ ቀለም በባልዲ

ፊልሙን ያየሁት ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ቀደም ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ወይ እስቅ ነበር፣ ወይ ደግሞ አለቃዬን «አርቲስት ነኝና ደመወዝ ጨምርልኝ» እለው ነበር።

አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚሁ እኔ በምኖርባት ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ተሠራ። ዳይሬክተሩ ማት ማኮርሚክ ይባላል። ተራኪዋ ሚራንዳ ጁላይ ናት። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው «ሳያውቁት የሚሠራ ጥበብ፦ ግራፊቲ ማጥፋት» ዓይነት ነገር ይሆናል። ግራፊቲ ማለት ሰው በየግድግዳው በስፕሬይ የሚጽፈውና የሚሥለው ነገር ነው። ተዋናይ የለውም፣ ታሪክ የሚባል ነገርም የለውም። ካሜራው የመጋዘን ግድግዳ ፊት፣ የድልድይ እግር ሥር፣ የባቡር ሐዲድ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። የሚያየው ደግሞ ጽሑፍ አይደለም። ጽሑፉ የተሸፈነበትን ቀለም ነው። ግራጫ አራት ማዕዘን። ከጎኑ ትንሽ ጠቆር ያለ ሌላ ግራጫ። ከሥራቸው ቡናማ።

ተራኪዋ ሙዚየም እንደምታስጎበኝ ሴት ድምጿን ሳትቀያይር ታስረዳለች። ይሄ ጥበብ ነው ትላለች። አብስትራክት ኤክስፕረሽኒዝም፣ ሚኒማሊዝም፣ የሩሲያ ኮንስትራክቲቪዝም የሚባሉት ዘመናዊ የጥበብ ስልቶች ልጅ ነው። የሚሠሩት ግን የከተማ ሠራተኞች ናቸው፣ እየሠሩት መሆኑንም አያውቁም። ቀልድ ነው። ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ስትደርሱ ያ የተለጣጠፈ ግራጫ እውነትም የማሌቪችን ሥዕል፣ እውነትም የሮትኮን ሥዕል መምሰል ይጀምራል። (ሮትኮ እኮ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ከሩሲያ ግዛት በልጅነቱ መጥቶ እዚህ ሊንከን ሃይ ስኩል ተማረ። እሱም እንደኛው ስደተኛ መሆኑ ነው።)

እኔ ከእነዚያ ሳያውቁት ጥበብ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የከተማ ሠራተኛ እንኳ አልነበርኩም። ሥራውን በኮንትራት የሚወስድ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ቫን፣ ባልዲ፣ ሮለር፣ ረጅም ዱላ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ።

ፊልሙ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር ለምን እንደማይገጥም አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ። ቀለም ውድ ነው። እዚህ ከተማ ከየሰው ጋራዥ የተረፈ ቀለም ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ፣ ተቀላቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ብዙ ዓይነት ቀለም አንድ ላይ ስትቀላቅሉ ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ ወይ ግራጫ ወይ ቡኒ። አንዱ ባልዲ ሲያልቅ የሚቀጥለው ባልዲ ሌላ ግራጫ ነው። ማክሰኞ የቀባሁት ላይ ሐሙስ ይጻፍበታል፣ ሐሙስ የምቀባው ቀለም ከማክሰኞው ለየት ይላል። በቃ፣ ሮትኮው መጣ።

ፊልሙ አሸፋፈኑን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንደኛው ንጹሕ አራት ማዕዘን ነው። ሁለተኛው የፊደሉን ቅርጽ እየተከተለ የሚቀባው ሲሆን፣ ከሩቅ ሲታይ ቃሉ በሌላ ቀለም እንደገና የተጻፈ ይመስላል። እነሱ መንፈስ እንደማለት የሆነ ስም ሰጥተውታል፣ እኔ ጥላ እለዋለሁ። ሦስተኛው ሥርዓት የሌለው፣ እጅ እንደመራ የሚሄድ ነው። ሦስቱንም ሠርቻለሁ። አራት ማዕዘን የሚቀባው አለቃ ፎቶ የሚጠይቅ ቀን ነው። ጥላው ቀለም ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስተኛው ዓርብ ከሰዓት ነው።

እስከዚህ ድረስ ከፊልሙ ጋር ተስማምተናል። አንድ ቃል ላይ ግን ተጣላን። «ሳያውቁት» የሚለው ላይ።

እኔ አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ አነብ ነበር። ለማንበብም እገደድ ነበር፣ ምክንያቱም ሳናጠፋ በፊት ፎቶ፣ ካጠፋን በኋላ ፎቶ እናነሳለን። ስዋስቲካ ወይም ዘር ላይ ያነጣጠረ ስድብ ከሆነ ሌላው ሥራ ቆሞ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ስለዚህ መለየት አለብህ። የጻፈው ልጅ በአሥር ሰከንድ ጽፎ ይሮጣል። መንገደኛው መኪና ውስጥ ሆኖ በጨረፍታ አይቶ ያልፋል። እኔ ፊት ለፊቱ ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ። የዚያን ግድግዳ ጽሑፍ ከኔ የበለጠ ያነበበ ሰው ከየት ይመጣል? የፍቅር ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ስም ከነመርገሙ አንብቤያለሁ። የሟች ጓደኛ ስም ከነልደት ቀኑ አንብቤያለሁ። ከዚያ ሮለሩን ባልዲ ውስጥ ነክሬ አጠፋዋለሁ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሰፈራችን ዘበኛ ነው።

አዲስ አበባ፣ ቀበሌያችን ፊት ለፊት ረጅም የድንጋይ አጥር ነበር። ኖራ ተለቅልቆ ላዩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ተጽፎበታል። ፊደል የለየሁት በሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዘበኛውም እንደዚያው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጎልማሳ ናቸው፣ ሀሁ አይለዩም። ታላቅ እህቴ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። እሳቸው ማታ ማታ ፊደል ቆጥረው፣ ቀን አጥሩ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው ይለማመዳሉ። መጽሐፋቸው ያ አጥር ነበር።

ግንቦት 1983 መጣ። መንግሥቱ ሄዱ፣ ኢሕአዴግ ገባ። የተወሰኑ ሳምንታት ካለፉ በኋላ አዲሶቹ የቀበሌ ሰዎች ያ ጽሑፍ ይጥፋ አሉ። ማን ያጥፋው? ዘበኛው። ኖራ በጣሳ በጥብጠው፣ የቃጫ ብሩሽ ይዘው መጡ። እኛ ልጆች ከበን ቆምን። ሰውየው ዝም ብለው አልቀቡም። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው፣ «አ… ብ… ዮ… ታ… ዊት» ብለው አነበቡ። ከዚያ ያንን ቃል በኖራ ለቀለቁ። ቀጥሎ «እ… ና… ት»። ለቀለቁ። ሳቅንባቸው። ዞር ብለው፣

«ምን ያስቃችኋል? ሳላነበው አላጠፋውም። ስንት ማታ የለፋሁበት ነው» አሉን።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ኖራውን አጠበው። መጀመሪያ የወጣው ከዳር ያለው ነበር፣ «ወይም ሞት» የሚለው። ሐምሌን ሙሉ በዚያ አጥር ሥር «ወይም ሞት» እያልን ኳስ ተጫወትን። ለመስቀል እንደገና ቀቡት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ግድግዳ ላይ መጻፍ ከነፍስ ጋር መጫወት ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ የኢሕአፓ ልጆች ሌሊት መፈክር ጽፈው ያድሩ ነበር፣ አብዮት ጥበቃ ያገኘው ልጅ ደግሞ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ ቡናው ፈላ አልፈላ ወደሚለው ወሬ ትዞራለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት ወጥተው ግድግዳው ላይ አዲስ ነገር ካዩ ቀና ብለው ሳያነቡ ያልፉ እንደነበር ነግራኛለች። ማንበብም ያስጠረጥር ነበር። ዓይንህ ፊደሉ ላይ ምን ያህል እንደቆየ የሚቆጥር ሰው ይኖራል።

ወደ ፖርትላንድ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ እጅ ተገደለ። በቀናት ውስጥ የኛም ከተማ ተነሳች። ከመቶ ሌሊት በላይ ሳይቋረጥ ሰልፍ ነበር። ዋናው ቦታ መሀል ከተማ፣ የፍትሕ ማዕከሉና የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን የቆሙበት መንገድ ነው። ጁላይ ላይ ከዋሽንግተን የተላኩት የፌዴራል ኃይሎች ሲጨመሩ ነገሩ ባሰ። ቢጫ ቲሸርት የለበሱ እናቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይቆማሉ። አባቶች የቅጠል መንፊያ ማሽን ይዘው መጥተው አስለቃሽ ጭሱን ወደመጣበት ይነፉታል። ሱቆች መስታወታቸውን በኮምፔንሳቶ አሸጉ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ባዶ ወረቀት ነው።

እኛ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገባለን። ሌሊቱን የተረጨው ጭስ ዱቄቱ ግድግዳና አስፋልቱ ላይ ይቀራል። በግፊት ውኃ ስናጥበው ተነስቶ ፊታችን ላይ ይመጣል። ሰልፍ ሳንወጣ አለቀስን እያልን እንቀልድ ነበር። የሆንዱራስ ሰው የሆነ የሥራ ባልደረባዬ የዋና መነጽር ይዞ መምጣት ጀመረ፣ ከዚያ ሁላችንም ገዛን።

ያን ጊዜ ጽሑፉ ተለወጠ። በፊት ስም ነበር፣ የቡድን ምልክት፣ ማንም የማያነበው የተጠማዘዘ ፊደል። አሁን ግን የሚነበብ ሆነ። ዓረፍተ ነገር ሆነ። ፓዮኒር ፕሌስ የሚባለው የገበያ ማዕከል አጠገብ የአፕል ሱቅ የታሸገበት ሰሌዳ ላይ ኤማ በርገር የምትባል ሠዓሊ የፍሎይድን ፊት ሣለች። ሌላው ሰው ከጎኗ ጨመረ፣ ሌላውም ጨመረ። ያንን አጥፉ ያለን የለም። በኋላ ኩባንያው ሰሌዳዎቹን ነቅሎ ዶንት ሹት ፖርትላንድ ለሚባል የከተማዋ የጥቁሮች መብት ድርጅት ሰጠ። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ግን ያው ቃል በርካሽ ስፕሬይ ሲጻፍ «ጉዳት» ተብሎ በኔ ባልዲ ይሸፈናል። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ሥዕሉ ያምራል፣ እሺ። ግን ደግሞ የአፕል ሰሌዳ ላይ ነው።

ስለ ጽሑፍና ጥበብ እንዲህ ስፈላሰፍ የምታስቆመኝ አንዲት ሴት አለች። ያገሬ ልጅ ናት፣ ምግብ ቤት አላት። አንድ ማታ መስታወቷ ተሰበረ፣ በሯ ላይ በጥቁር ስፕሬይ ተሞነጫጨረ። በኮቪድ ምክንያት ገበያዋ ከሞተ ወራት አልፎታል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ላግዛት ሄድኩ። ልማድ ሆኖብኝ ባልዲውን አስቀምጬ ጽሑፉን ማየት ጀመርኩ።

«ምነው፣ ልታነበው ነው ልታጠፋው የመጣኸው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም።»

«ተወኝ እባክህ። ለነሱ ጩኸት ነው፣ ለኔ የመስታወት ብር ነው። ሰልፉንም እደግፋለሁ፣ ልጄም ወጥቶ ነበር። ግን አሁን ቀባልኝ።»

ቀባሁላት። አራት ማዕዘን፣ ንጹሕ፣ ከበሩ ቀለም ጋር የሚገጥም። ለሷ የገዛሁት አዲስ ቀለም ነበር።

ከተማ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ግራጫ ቀለምን የሚወዱበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ መጽሔት ላይ «የተሰበረ መስኮት» የሚባለውን ሐሳብ ጻፉ። አንድ መስኮት ተሰብሮ ሳይጠገን ከቆየ፣ ለዚህ ሰፈር ግድ ያለው የለም የሚል መልእክት ያስተላልፋል፣ ቀጥሎ ሌላው ይሰበራል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ሁሉ የወንጀል ዘር ሆኖ ታየ። ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ጃኑዋሪ 2017 አዲሱ ከንቲባ ዦአኦ ዶሪያ የጽዳት ሠራተኛ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ ወጣ፣ በትልቁ ጎዳና ላይ የነበረው ሥዕልም በግራጫ ተሸፈነ። ሕዝቡ ተናደደ። ካይሮ ውስጥ መሐመድ ማሕሙድ ጎዳና ላይ የሟቾች ፊት ተስሎ ነበር፤ ሴፕቴምበር 2012 ሌሊት ተቀብቶ አደረ፣ ሠዓሊዎቹም ወዲያው ተመልሰው በአዲሱ ቀለም ላይ ሣሉ። ለነሱ የተቀባው ግድግዳ የተዘጋጀ ሸራ ነበር። ይሄ በኛም ሥራ ይታወቃል። ንጹሕ አራት ማዕዘን ስትቀባ ለሚቀጥለው ጸሐፊ ሰሌዳ እያዘጋጀህለት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ልክ አራት ማዕዘኑ መሀል፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ለክቶ ይጽፋል። ትሑት ልጅ።

ኦገስት ውስጥ ነው። አንድ የሕግ ቢሮ የጎን ግድግዳ ላይ ስሞች ተጽፈው አገኘን። በፖሊስ እጅ የሞቱ ሰዎች ስም፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ረጋ ተብሎ። ስፕሬይ እንኳ አልነበረም፣ በብሩሽ ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን ጊዜ ወስዷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ፊደል ተሳስቶ አርሟል። ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ እንደ ዘበኛው ከላይ ጀመርኩ። አንድ ስም አነባለሁ፣ እቀባለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ አራት ማዕዘኑን ትቶ ፊደሉን መከተል ጀመረ። ሳላስበው ነው ብል ፊልሙን ማገዝ ይሆንብኛል። አስቤበት ነው። ስጨርስ ግድግዳው ላይ በግራጫ የተጻፈ የስም ዝርዝር ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥርት ብሎ ይነበባል።

አለቃዬ ፎቶውን አይቶ ደወለ። «ይሄ ምንድነው?»

«ቀለም አልቆብኝ» አልኩት።

ቀለም አላለቀብኝም። ቫኑ ውስጥ ሦስት ባልዲ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሰው ልኮ አስቀባው። እኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሥራ ሰዓቴ ተቀነሰ። ጀግና ነኝ እያልኩ አይደለም፤ ጀግና ቢሆን ኖሮ «አልቀባም» ይል ነበር። እኔ ቀብቻለሁ፣ ከዚያም ዋሽቻለሁ። ኪራይ ነበረብኝ።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አንድ ግድግዳ ያወቅኩት መሰለኝ። በወንዙ ምሥራቅ በኩል፣ መጋዘኖቹ መሀል፣ ከዳር የተሰነጠቀ። እዚያ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። ፊልሙ ሲቀረጽ እኔ ገና ዲቪ እንኳ አልሞላሁም፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ታክሲ እጋፋ ነበር። ግድግዳው እሱ ከሆነ፣ የኔ ግራጫ የተቀባው በስክሪኑ ላይ ባለው ግራጫ ላይ ነው። አቁሜ ሥሩን ለማየት ሞከርኩ። ማን ምን ጽፎ ነበር? ተራኪዋ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቀለሙ ትነግረኛለች። የቀባውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም። ያ ሰው ያስታውስ ይሆናል። ፎቶውን ስልኩ ላይ የሚይዝበት ዘመን አልነበረም እንጂ።

የኔ ስልክ ላይ አሁንም አሉ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ፎቶ ነው፣ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ግራጫ። ልጄ «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ግድግዳ ለምን አታጠፋውም? ስልክህ ሞልቷል» ትለኛለች።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 31ኛው መንገድና ፓይን የሚገናኙበት ጋ መኪናዬን አቆምኩ። ሙሉጌታ ሥራው የተገደለበት ሰፈር ነው። ሊማር የመጣ ልጅ ነበር፤ ኖቬምበር 1988 ላይ ራሳቸውን የነጭ ዘር የበላይ ነን የሚሉ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከተገደለ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ ከመንገዱ ስም በላይ የሱ ስም ያለበት ሰሌዳ ተሰቀለ። በእንግሊዝኛና በአማርኛ። ፖርትላንድ ውስጥ፣ የመንገድ ምሰሶ ላይ፣ የኛ ፊደል።

ቀና ብዬ አነበብኩት። ስሙን በልቤ የማውቀው ቢሆንም ቀስ ብዬ፣ ሙ… ሉ… ጌ… ታ። ምሰሶው ላይ ከታች፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ የሆነ የሙዚቃ ባንድ ስቲከር ተለጥፏል። ዳሩ ተነስቷል። ጥፍሬን ከሥሩ ሰደድኩ፣ የሥራ ልማድ ነው። ትንሽ ላጥ አደረግኩት። ከሥሩ ሌላ ስቲከር አለ፣ የደበዘዘ፣ ፊደሉ የማይለይ። ጎንበስ ብዬ ላነበው ሞከርኩ።